ሚዛኑ ወደ ሰፈር ሲወርድ፦ ስለ ክብደት ከድሬዳዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

በዚህ እትም የያዝናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከድሬዳዋ የመጡ ናቸው፤ ሁሉም የሚያነሱት የክብደትን ጉዳይ ነው። በሀገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመጠን ያለፈ ክብደት የነበራቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 8 ደርሰዋል። ይህ የሀገሪቱ አማካይ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና ሐረሪ ግን ከዚህ በእጅጉ ይበልጣሉ። ደብዳቤዎቹን አንድ ቅሬታ ያገናኛቸዋል፦ «ቀንሱ» የሚል ሞልቷል፤ እንዴት እንደሚቀነስ የሚያሳይ፣ በሳምንቱም «እንዴት ሆናችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ክብደት አንድ ቀን በተሰጠ ምክር አይቀንስም። የሚቀንሰው ከቤት ብዙም ሳይርቅ በየሳምንቱ በሚደረግ ክትትል ነው። መልሶቻችንም የሚነሡት ከዚህ ነው።

ጥያቄ። ዕድሜዬ 42 ነው፤ ሳቢያን ነው የምኖረው። ራሴን እያመመኝ ጤና ጣቢያ ሄጄ ግፊቴ 138 በ88 ሆነ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቴ 78 ኪሎ ነው። «ክብደት ቀንሺ፣ ቅባትና ጨው ተዪ» ተብዬ ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። ቤት የማበስለው ለአራት ሰው ነው፤ ለእኔ፣ ለባለቤቴና ለሁለት ጎረምሳ ልጆቼ። ከየት ልጀምር? የሚከታተለኝስ ማን ነው?

መልስ። መጀመሪያ ክብደትዎ ለቁመትዎ የሚመጥን መሆኑን የሚያሳየውን ቁጥር (ቢ ኤም አይ) እናስላው። ክብደትን በኪሎ፣ ቁመትን በሜትር ይዘው ክብደቱን ለቁመቱ ካሬ ያካፍሉ፦ 1.60 ሲባዛ በ1.60፣ 2.56 ነው፤ 78 ለ2.56 ሲካፈል 30.5 ይሆናል። ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ፣ ከ25 እስከ 29.9 ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። እርስዎ መስመሩን ያለፉት በጥቂቱ ነው። ወገብዎንም ይለኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ የመጨረሻውን የጎድን አጥንትና የዳሌ አጥንትዎን አናት በጣት ይፈልጉና መካከላቸው ላይ በባዶ ቆዳ ያዙሩት፤ አየር አውጥተው፣ ሆድ ሳይስቡ ያንብቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀሚስ ወይም ሱሪ በሚታሰርበት ቦታ እየለካ ነው፤ ቦርጭ ወርዶ ከሆነ እዚያ ላይ የሚገኘው ቁጥር ያሳስታል። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር፣ ለወንድ ከ94 ሲያልፍ ለስኳርና ለልብ ሕመም መጋለጥ ይጀምራል፤ ከ88 እና ከ102 ሲያልፍ ደግሞ ይብሳል።

ግብዎ 60 ኪሎ መግባት አይሁን። ከ78 ኪሎ 5 በመቶው 4 ኪሎ ገደማ ነው፤ በስድስት ወር 74 ከደረሱ ግፊትዎም የደም ስኳርዎም ለውጥ ያሳያል። አንድ ኪሎ በተቀነሰ ቁጥር የላይኛው ግፊት በአማካይ 1 ነጥብ ያህል ይወርዳል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ በቂ ነው፤ በሳምንት ሦስት አራት ኪሎ የሚያወርድ ነገር የሚያወጣው በአብዛኛው ውሃ ነው።

ስለ ግፊቱ አንድ ነገር እንጨምር። ክንድዎ ወፈር ያለ ከሆነና የተጠመጠመው መለኪያ ጠባብ ከሆነ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይወጣል። የክንድዎ ዙሪያ ከ32 ሴንቲ ሜትር ካለፈ «ትልቁ አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ መጠየቅዎ ባለሙያውን መዳፈር አይደለም። አምስት ደቂቃ ተቀምጠው፣ ጀርባዎን አስደግፈው፣ ሳያወሩ፣ በሁለት ሌሎች ቀናት ያስለኩ። በዚያው ቁርስ ሳይበሉ የደም ስኳር ያስመርምሩ፤ 126 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመም ሊሆን ስለሚችል ምርመራው በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል።

የሚከታተልዎ ሰው አለ፤ ያልተዋወቃችሁ ከሆነ ነው እንጂ። ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ በከተሞች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ፤ በጤና ጣቢያ ሥር ሆነው በየቀጠናው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በክትባትና በቤተሰብ ምጣኔ ነው፤ ግፊት መለካት፣ ስለ አመጋገብ ማስተማርና ወደ ጤና ጣቢያ መላክም ሥራቸው ነው። ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ገብተው «የእኛ ሰፈር ኤክስቴንሽን ማን ናት?» ይበሉ፤ ስሟንና ስልኳን ይያዙ፤ ከዚያም የተቆረጠ ቀን ይጠይቋት። «በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ» ዓይነት ቀጠሮ ይሁን፤ «ሲመቸኝ እመጣለሁ» የተባለ ቀጠሮ ይቀራል።

አሁን ወደ ወጥ ቤት እንግባ። ዘይት ተዪ መባልዎ አይጠቅምዎትም፤ መለካት ነው የሚጠቅምዎ። አዲስ የ5 ሊትር ዘይት ሲከፍቱ ቀኑን በማርከር ጀሪካኑ ላይ ይጻፉ። ሲያልቅ ቀናቱን ይቁጠሩ። ለአራት ሰው በ21 ቀን ካለቀ፣ 5000 ሚሊ ሊትር ለ84 ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ይህ ብቻውን 490 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ግማሹ ይበቃችኋል፦ ለአንድ ሰው በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ለአራታችሁ ስምንት፤ አራቱ ለምሳው ወጥ፣ አራቱ ለእራቱ። ያኔ ያው ጀሪካን 41 ቀን ይቆያል። ፈሳሹም የሚረጋውም ዘይት በካሎሪ እኩል ነው፤ «ቀላል ዘይት ነው የምጠቀመው» ማለት መጠኑን አይቀንሰውም።

ችግር የሚመጣው ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስት ሲፈስ ነው። እጅ ይለምዳል፤ ዓይን አይቆጥርም። ማንኪያ ጀሪካኑ አንገት ላይ በገመድ አስረው ያንጠልጥሉ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ ያማስሉ፣ ሲይዝ ውሃ ጠብ እያደረጉ ያብስሉ፤ ዘይቱን ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ ከበርበሬው ጋር ይጨምሩ። ቁሌቱ አይጎድልበትም።

ሻሂውም እንደዚሁ ነው። በብርጭቆ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ በቀን አምስት ብርጭቆ፣ 15 ማንኪያ፣ ማለትም 75 ግራም ወይም 300 ኪሎ ካሎሪ። ወደ አንድ ማንኪያ ይውረዱ፤ በአንድ ቀን ሳይሆን በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ፣ ቀረፋውንና ሄሉን ጨመር እያደረጉ። ከዘይቱ 245፣ ከስኳሩ 200 ኪሎ ካሎሪ ተቀነሰ፤ አንድም ምግብ ሳይዘሉ በቀን ወደ 445 ተገኘ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ለመቀነስ ከሚያስፈልገው ብዙም አይርቅም።

ስለ ገበታው ደግሞ፦ ከጋራ ትሪ ሲበላ ማንም የበላውን አያውቅም። ወጡ ሲያልቅ ወጥ ለእንጀራው ይጨመራል፣ እንጀራው ሲያልቅ እንጀራ ለወጡ ይጨመራል፣ በመሃል ጉርሻ አለ። አብሮ መብላቱን አይተዉ፤ ድርሻዎን መጀመሪያ በዓይንዎ ይለዩ፣ ግማሹ ጎመን፣ ሰላጣ ወይም ሌላ አትክልት ይሁን፣ ተጨማሪ እንጀራ ሲመጣ እጅዎን ይሰብስቡ። ፓስታና ሩዝ ከእንጀራ ጋር በአንድ ገበታ የሚቀርብ ከሆነ አንዱን ብቻ ይምረጡ።

ጥያቄ። በእድራችን ያለን 14 ሴቶች ክብደት ለመቀነስ ተስማምተናል። ባለፈው ዓመት ሞክረን ነበር፤ በሁለተኛው ወር ላይ ተበተንን። በየወሩ እየተመዘንን ብዙ የቀነሰችውን እንሸልም ነበር። ምን አጠፋን? ጤና ጣቢያውንስ እንዴት ማሳተፍ እንችላለን?

መልስ። ቁጥራችሁ ልክ ነው፤ ከ10 እስከ 15 ሲሆን እያንዳንዷ ለመናገር ጊዜ ታገኛለች፣ አንዷ ስትቀርም ይታወቃል። ያጠፋችሁት ሁለት ነገር ነው። ወር በጣም ሩቅ ነው፤ አንዲት ሴት በሁለተኛው ሳምንት ብትሰናከል ሳትጠየቅ ሌላ ሁለት ሳምንት ያልፋል፣ ከዚያ ማፈር ይመጣል፣ ከማፈር በኋላ መቅረት። ሽልማቱ ደግሞ ሁለተኛው ነው። 95 ኪሎ ያላት ሴት በመጀመሪያው ወር ብዙ ትቀንሳለች፤ 72 ያላት እሷን አትደርስባትም፤ ሦስት ወር ስትሸነፍ ትቀራለች። አንዳንዷ ደግሞ ከመመዘኗ በፊት ሁለት ቀን ጾማ፣ ውሃ ሳትጠጣ ትመጣለች፤ በድሬ ሙቀት ይህ ያዞራል፣ ይጥላል። መሸለም ከፈለጋችሁ ሳትቀር የመጣችውን ሸልሙ።

የመጀመሪያዎቹን 12 ሳምንታት በየሳምንቱ ተገናኙ፤ ቀጣዩን ሦስት ወር በየሁለት ሳምንቱ፣ የቀረውን ስድስት ወር በወር አንዴ። በዓመት 24 ጊዜ ይሆናል። በሌሎች ሀገሮች የተፈተኑትና ውጤት ያሳዩት የቡድን ፕሮግራሞች በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 12 ጊዜ የሚገናኙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካው የስኳር መከላከያ ጥናት ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ረድቶ፣ ስኳር የሚይዛቸውን ሰዎች ቁጥር በ58 በመቶ ቀንሷል። ያንን ያመጣው ድብቅ መድኃኒት አልነበረም፤ የማይቋረጥ ክትትል ነበር።

ከመጀመራችሁ በፊት የሰፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጥሩና አንድ ቅዳሜ ሁላችሁም ግፊት ተለኩ፤ የጾም የደም ስኳር ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ከእሷ ጋር የምትስማሙበት ነገር በወረቀት ይጻፍ፦ ግፊቷ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነች ሴት በሳምንት ውስጥ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ 180 በ110 የደረሰች በዚያው ቀን። ነፍሰ ጡር ክብደት አትቀንስም፤ ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅም በዚህ ቡድን አትገባም። ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን እንክብል የምትወስድ ሴት መጀመሪያ ሐኪሟን ታማክር፤ ምግብ ቀንሳ መድኃኒቱ ካልተስተካከለላት ስኳሯ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ባለሙያዋ በየሳምንቱ መምጣት አይጠበቅባትም፤ ቀጠና ሙሉ ሥራ አለባት። በወር አንዴ መጥታ ግፊት ብትለካና መዝገባችሁን ብታይ ትልቅ ነገር ነው፤ የቀረውን ራሳችሁ ትመሩታላችሁ።

ሚዛኑን እናንሳ፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው ከእሱ ነው። አንድ ሚዛን ብቻ ይኑራችሁ፣ ሁልጊዜ ያው። ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሚዛን ይዋሻል። በወር አንዴ ፈትኑት፦ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ባዶውን መዝኑ፣ ከዚያ በትክክል ልክ 20 ሊትር ውሃ ሞልታችሁ መዝኑ፤ ልዩነቱ 20 ኪሎ መሆን አለበት። 19 ወይም 21 ካለ ሚዛኑ ይስተካከል ወይም ይቀየር። «ጨምሪያለሽ» ተብላ ያለቀሰች ሴት ጥፋቱ የሚዛኑ ሆኖ ሲገኝ ያሳዝናል። ቀኑና ሰዓቱ አይለወጥ፤ ጫማ፣ ሻርፕ፣ ቦርሳና ስልክ ይቀመጥ።

ቁጥሩን ጮክ ብሎ የሚያነብ አይኑር። አንዷ ትመዝን፣ በየራሷ ደብተር ይጻፍላት፣ ደብተሩም የባለቤቷ ይሁን። ደብተሩ ላይ አራት ነገር ይበቃል፦ ቀን፣ ክብደት፣ በወር አንዴ ወገብ፣ እና የሳምንቱ አንድ ውሳኔ። «ምግብ እቀንሳለሁ» ውሳኔ አይደለም። «ከሰኞ እስከ ዓርብ እራት ላይ እንጀራ ሁለተኛ አልጨምርም» ውሳኔ ነው፤ በሳምንቱ ተደርጓል ወይም አልተደረገም ማለት ይቻላልና።

የአንድ ሰዓቱን ስብሰባ እንዲህ ክፈሉት፦ 15 ደቂቃ መመዘኛ፣ 15 ደቂቃ ያለፈው ሳምንት ውሳኔ እንዴት እንደሆነ፣ 20 ደቂቃ አንድ ርዕስ፣ 10 ደቂቃ የሚቀጥለው ውሳኔ። ርዕሱ በእጅ የሚሠራ ይሁን። ስምንት ሴቶች ወጥ ለአራት ሰው እንደምታደርጉት ዘይት ባዶ ድስት ውስጥ አፍስሱ፣ ከዚያ በሾርባ ማንኪያ እየቆጠራችሁ መልሱት፤ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ ማንኪያ ሲወጣ ማስተማር አያስፈልግም። በሌላ ቀን ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ያለውን ስኳር በማንኪያ መዝናችሁ ሳህን ላይ አድርጉ፦ በ300 ሚሊ ሊትሩ 32 ግራም፣ ስድስት ተኩል የሻይ ማንኪያ ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያስቡበት የሚለው ወሰን 25 ግራም ነው።

ሴት ስትቀር በሁለት ቀን ውስጥ ይደወልላት፤ የሚደወለውም «ለምን ቀረሽ?» ለማለት አይደለም፣ «ደህና ነሽ ወይ?» ለማለት ነው። ለመደወል ተራ አውጡ። የምትገናኙት ቡና በምትጠጡበት ቤት ከሆነም ፈንዲሻው ይበቃል፤ ዳቦ በዘይትና ቦምቦሊኖ አይቅረብ። ከዚህ በኋላ ከአራተኛው ወር ገደማ ክብደቱ መቆም ይጀምራል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የቀለለ ሰውነት የሚያስፈልገው ምግብም ያንሳል። በዚህ ጊዜ የሚበተነው ቡድን አብዛኛውን ጊዜ «ሠርተን ምንም አልመጣም» ብሎ ነው። ቀድማችሁ ንገሩ፦ ከአራተኛው ወር በኋላ አለመጨመርም ውጤት ነው። በስድስት ወር ውስጥ አንድም ለውጥ ያላየች ሴት ግን ራሷን አትውቀስ፤ ጤና ጣቢያ ሄዳ የምትወስዳቸው መድኃኒቶችና የእንቅርት ዕጢዋ ይታዩላት።

ለወንዶች ሌላ ሰዓትና ሌላ ቦታ ያስፈልጋል። የሴቶች ቡድን ላይ «ባሎቻችሁን አምጡ» ማለት ብዙም አይሠራም፤ የመሥሪያ ቤት፣ የተራ አስከባሪ ወይም የጀመዓ ስብስብ ካለ እዚያው ሚዛኑ ይሂድላቸው።

ጥያቄ። አቦ፣ ጫት ምግብ ይዘጋል ይባላል፤ እኔ ግን በሁለት ዓመት ቦርጭ አወጣሁ። ባጃጅ ነጂ ነኝ፣ 31 ዓመቴ። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ። ምግብ መዝጋቱ እውነት ነው፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ለጥቂት ሰዓት ረሃብን ያጠፋል። ችግሩ ከሱ በፊትና በኋላ ያለው ነው። ወደ በርጫ ባዶ ሆድ አይገባም ተብሎ ምሳ ከወትሮው እጥፍ ይበላል። ከዚያ አራት አምስት ሰዓት መቀመጥ፤ ሁለት ለስላሳ፣ 64 ግራም ስኳር፤ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ 30 ግራም ያህል ነው፣ 170 ኪሎ ካሎሪ፣ በምርቃና ደግሞ እፍኝ አንድ ብቻ አይሆንም። ምርቃናው ሲለቅ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ፉል ወይም ፓስታ፤ እንቅልፍ የለም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውም በማግስቱ የበለጠ ይርበዋል። ቀኑን ሙሉ ደግሞ ባጃጅ ላይ ተቀምጠህ ነው።

የሚሻለው የጫት ቀኖችን መቀነስ ነው፤ ይህንን ሳንሸፋፍን እንነግርሃለን። ይህ እስኪሆን ድረስ ለስላሳውን በውሃ ተካ፣ ምሳህን ከመደበኛው አታሳድግ፣ እራትህን ቢቻል እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ብላ። ግፊትህን ከበርጫ በኋላ አታስለካ፤ ጫት ለብዙ ሰዓት ግፊትና የልብ ምት ከፍ ያደርጋል፣ የሚወጣው ቁጥርም አንተንም ባለሙያውንም ግራ ያጋባል። ጠዋት፣ ከመቃምህ በፊት፣ ሲጋራም ሳታጨስ ተለካ።

ጥያቄ። የሦስት ወር መርፌ ከጀመርኩ ዓመት ሞላኝ፤ 6 ኪሎ ጨመርኩ። መርፌው ነው?

መልስ። ሊሆን ይችላል። የሦስት ወሩ መርፌ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት ይጨምራል፣ በሌሎች ላይ አይጨምርም። መለያ ምልክት አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከክብደቷ ከ5 በመቶ በላይ የጨመረች ሴት ወደ ፊትም መጨመሯን የመቀጠል ዕድሏ ከፍ ያለ ነው። 60 ኪሎ የነበረች ሴት ከሆነች ይህ 3 ኪሎ ነው። ካርድዎ ላይ መርፌ በተወጉ ቁጥር ክብደትዎ ተጽፎ ከሆነ ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ቁልቁል አንብቢልኝ ይበሏት፤ ካልተጻፈም ከአሁን ጀምሮ ይጻፍ።

መርፌውን በራስዎ አያቋርጡ፤ ሌላ መከላከያ ሳይይዙ ካቆሙ ያልታሰበ እርግዝና ይመጣል። ሆርሞን የሌለበት አንዱ አማራጭ በማህፀን የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ነው። ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበረው ሆርሞን አለው፤ ለሁሉም ባይሆንም በአንዳንድ ሴት ላይ እሱም ክብደት ይጨምራል። የመርፌው ቀን ሲደርስ ለመቀየር ቀጠሮ ይያዙ፤ በዚያው ቀን ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል።

ጥያቄ። ታይዋን ገበያ ውስጥ የማቅጠኛ ሻይና እንክብል ይሸጣል። ጓደኛዬ በሁለት ሳምንት 5 ኪሎ ቀነሰች። ልጠቀመው?

መልስ። አይጠቀሙ። ብዙዎቹ የማቅጠኛ ሻዮች ሰና የሚባል የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው፤ የወጣው ውሃና ጨው ነው፣ ስቡ እንዳለ አለ፤ መጠጣቱ ሲቆም ክብደቱ በጥቂት ቀን ይመለሳል። በድሬ ሙቀት ቀድሞውንም በላብ ውሃ እያጣን በላዩ ተቅማጥ ሲጨመር ፖታስየም ይወርዳል፣ ልብም ያለወትሮዋ ትመታለች፣ እግር ይዝላል። እንክብሎቹ ይብሳሉ። ሲቡትራሚን የሚባለው መድኃኒት የልብና የአንጎል ደም ሥር አደጋ ስለሚጨምር እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ግን «የተፈጥሮ ዕፅ» ተብለው በሚሸጡ ማቅጠኛዎች ውስጥ ሳይጻፍ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ጓደኛዎ ልቧ በኃይል የሚመታ፣ እንቅልፍ የሚያጣት፣ አፏ የሚደርቅ ከሆነ ዛሬውኑ ታቁም፤ ማሸጊያውንም ይዛ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ስለ ክብደት መቀነሻ መርፌም ይወራል። ሴማግሉታይድ የሚባለው በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ከመከፈቱ በፊት ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት። በሻንጣ ተጭኖ የመጣ፣ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ የዋለ መርፌ የቱን ያህል ሙቀት እንዳገኘው ማንም አያውቅም።

ጥያቄ። ገንደ ቆሬ ነኝ፣ 55 ዓመቴ፣ ጉልበቴን ያመኛል። ተንቀሳቀሽ ይሉኛል። በዚህ ሙቀት የት ሄጄ?

መልስ። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ ይሂዱ። የሚፈለገው በሳምንት 150 ደቂቃ ነው፤ በአምስት ቀን ሲከፈል 30 ደቂቃ፣ እሱም ለሦስት አሥር አሥር ደቂቃ ሊከፋፈል ይችላል። እያወሩ መሄድ የሚችሉበት፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት ፍጥነት ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት 10 ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። በነጠላ ጫማ አይሂዱ፤ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ። ከዚራ ከባቡር ጣቢያው አካባቢ ያሉት ዛፍ ያላቸው መንገዶች ሜዳ ናቸው፣ ጥላም አላቸው፤ በባጃጅ ሄደው እዚያ ቢራመዱ ቁልቁለትና አቀበት ጉልበትዎን አይጎዳውም። የደቻቱ ወንዝ አሸዋው ለስላሳ ነው ብለው ደመና በሚታይበት ወቅት ወንዙ ውስጥ አይራመዱ። ድሬ ላይ ሳይዘንብ ከላይ ከተራራው ጎርፍ ይመጣል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ የበላቸውን ሰዎች ከተማው አልረሳም።

ጉልበትዎ በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው ብሶ ካደረ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው፤ በግማሽ ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። ቤት ውስጥ ደግሞ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ ተነሥቶ መቀመጥን አሥር ጊዜ፣ በቀን ሁለቴ ያድርጉ፤ ጉልበትን የሚይዘው የጭን ጡንቻ ነው።

ጥያቄ። አባቴ ስኳር አለባቸው፤ ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። ረመዳንን ጾመው ክብደት ሊቀንሱ አስበዋል።

መልስ። ከረመዳን ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪማቸውን ያግኙ። ግሊቤንክላማይድ በጾም ሰዓት ስኳርን አደገኛ በሆነ መጠን ሊያወርድ ስለሚችል መጠኑ ወይም መድኃኒቱ ራሱ ይቀየር ይሆናል። በጾም ላይ ስኳር መለካት ጾም አያፈርስም፤ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ከመጣ ወዲያው ያፍጥሩ። ክብደቱ ላይ ደግሞ ረመዳን ብዙ ሰው የሚጨምርበት ወር ነው፤ ሦስት ሳምቡሳ በዘይት ተጠብሶ፣ ጁሱና ጣፋጩ ተጨምሮ፣ የቀኑን ጾም በአንድ ሰዓት ይመልሰዋል። በአንድ ቴምርና በውሃ ያፍጥሩ፣ ሾርባ ይከተል፣ ሳምቡሳው ለአንድ ሰው አንድ ይሁን።

ጥያቄ። በአራት ወር 7 ኪሎ ቀነስኩ። ሰው ባየኝ ቁጥር «ምን ነካሽ? ታመሽ ነው?» ይለኛል። ልጨምር እንዴ ብዬ እያሰብኩ ነው።

መልስ። አይጨምሩ። እኛ ዘንድ «ተመችቶሻል» ማለት ወፍረሻል ማለት ነው፤ የቀነሰ ሰውም ለረጅም ጊዜ በሽተኛ ተብሎ ሲጠረጠር ኖሯል። ለሚጠይቅዎ ሁሉ አንድ አጭር መልስ ያዘጋጁ፦ «ግፊቴን ለማውረድ ነው፣ ጤና ጣቢያ ይከታተለኛል።» ይህን ሲሰሙ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፤ አንዳንዶቹም አብረው ሊመዘኑ ይጠይቃሉ።

ግን ራስዎን ይጠይቁ፦ የቀነሱት አስበው ነው ወይስ ሳያስቡ? ደብተርዎ ላይ ምን እንደቀነሱ ተጽፎ ካለ፣ ክብደቱም በሳምንት በግማሽ ኪሎ ገደማ ከወረደ፣ መልካም ነው። ምንም ሳይቀይሩ የወረደ ከሆነ፣ ወይም ግብዎ ላይ ደርሰው ማቆም ሲፈልጉ አሁንም የሚወርድ ከሆነ፣ ሌሊት የሚያልብዎ፣ ውሃ የሚያስጠማዎና ሽንት የሚያመላልስዎ ከሆነ፣ ወይም ሳልዎ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ የሚቀጥለውን ስብሰባ ሳይጠብቁ ጤና ጣቢያ ሄደው የስኳርና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርጉ። ደብተርዎን ይዘው ይሂዱ።